የኦክላሆማ መንትዮች ስለ ምን ተለያዩ?

በአለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማሩ አዛውንቶች ስቲልወተር የምትባለውን የአሜሪካ ከተማ ስም ከአንዳንድ የአገራችን ከተሞች ስም ይልቅ አጥርተው ያውቁታል። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ ዓመታት ሲቋቋም፣ መምህራን የላከውና የመጀመሪያዎቹን ኃላፊዎች የሰጠው በዚያች ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት አገራችንን ጎብኝተው ለዚህ ሥራ መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ፍሬውን ሳያዩ በዲሴምበር 1951 በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ዐረፉ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በጁን 1954 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ስቲልወተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ተመልክተዋል። በ1957 የኮሌጁ ስም ተለውጦ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከአለማያ ጋር የነበረው ውልም እስከ 1968 ቆየ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ይህ ትምህርት ቤት መንትያ ወንድም አለው። እርሱም በዚያው ግዛት፣ ኖርማን በምትባለው ከተማ የሚገኘው የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱም የተመሠረቱት በ1890 ነው። ከ1904 ጀምሮ በእግር ኳስ ይጋጠሙ ነበር፤ ግጥሚያቸውም ቤድላም ይባላል፤ ትርምስና ጩኸት እንደ ማለት ነው። በኖቬምበር 4 ቀን 2023 ለ118ኛ ጊዜ ተጋጠሙ። ከዚያ ወዲህ ግን በ2024ም ሆነ በ2025 አልተገናኙም። ወንድማማቾቹ ተጣልተው ነው እንዳንል ጠብ አልነበረም። የለያያቸው ቴሌቪዥን ነው። ነገሩ እንደምን እንደ ሆነ በዚህ ሳምንት ላወጋችሁ አስቤአለሁ፤ ነገሩ ስለ ኳስ ይምሰል እንጂ ስለ ትምህርት ቤት ነውና።

በመጀመሪያ እግር ኳስ ሲሉ እኛ የምናውቀውን ማለታቸው አይደለም። የእነርሱ ኳስ እንቁላል የመሰለች ስትሆን፣ ተጫዋቹ ራሱን በቆብ፣ ትከሻውን በመከላከያ አጥሮ፣ ኳሷን በእጁ ይዞ ይሮጣል፤ ሌላው ደግሞ ይዞ ይጥለዋል። እግር የሚነካት አልፎ አልፎ ነው። ሁለተኛው የሚያስገርመው ነገር፣ ጨዋታው የሚካሄደው በተማሪዎች መካከል ሆኖ ሳለ የተመልካቹ ብዛት ነው። የስቲልወተር ከተማ ሕዝብ 50 ሺህ አይሞላም፤ የዩኒቨርሲቲው ስታዲዮም ግን ከ50 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። የኖርማኑ ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር ገበሬው ከእርሻው፣ ባለሱቁ ከሱቁ፣ የቀድሞው ተማሪ ካለበት ግዛት ተነሥቶ ይመጣል። የሆቴሉ ባለቤት፣ የምግብ ቤቱ ባለቤትና መኪና ማቆሚያ የሚያከራየው ሁሉ የዓመቱን እንጀራ ከሚያገኝባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ይህ ነው።

ትምህርት ቤቶቹ የሚጋጠሙት በዘፈቀደ አይደለም። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሆነው ኮንፈረንስ የሚሉትን ያቋቁማሉ። እኔ ግን ማኅበር ብዬ ብጠራው ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ምክንያቱም ከእኛ ማኅበር ጋር በጣም ይመሳሰላል። የእኛ ማኅበርተኞች ጽዋውን ከቤት ወደ ቤት እያዞሩ ተራ በተራ እንደሚደግሱ፣ እነዚህም ዘንድሮ እኔ ዘንድ፣ ለከርሞ አንተ ዘንድ እየተባባሉ ይጋበዛሉ። ማኅበርተኛ ደግሞ ድግሱ ካለበት ቤት ሄዶ ማታ ወደ ቤቱ ሊመለስ የሚችል ጎረቤት ነው። የመጀመሪያዎቹም የአሜሪካ ማኅበርተኞች በባቡር የሚገናኙ ጎረቤቶች ነበሩ። በ1895 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጄምስ ስማርት ሌሎች ስድስት የዩኒቨርሲቲ መሪዎችን ቺካጎ ላይ ሰበሰቧቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዛሬ ቢግ ቴን፣ ማለት ታላላቆቹ አሥር የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ። የተሰበሰቡበት ምክንያት ገንዘብ ለማግኘት አልነበረም። ተማሪ ያልሆነ ሰው በተማሪ ስም እየተጫወተ፣ ጨዋታው ከትምህርቱ እየበለጠ ስላስቸገራቸው፣ መምህራኑ ልጓም ሊያበጁለት ብለው ነው። በ1905 በሜዳ ላይ የሞቱ ወጣቶች ስለበዙ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዩኒቨርሲቲዎቹን ሰዎች ጠርተው መከሯቸው፤ በ1906ም የመላው አገር የኮሌጅ ስፖርት ድርጅት ተመሠረተ። በማኅበሩም ሆነ በድርጅቱ መነሻ ላይ አስተማሪው ነበረበት። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ወደ መንትዮቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ግጥሚያቸው የተደረገው በ1904 ጉትሪ በምትባል ከተማ፣ ኦክላሆማ ገና ግዛት ሳትሆን ነው። ቀኑ ብርድና ነፋስ ነበር። የስቲልወተሩ ልጅ ኳሷን ወደ ፊት ቢመታት ነፋሱ ወደ ኋላ መልሷት ከሜዳው አጠገብ በነበረው ወንዝ ውስጥ ወደቀች። በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት ኳሷ ገና በጨዋታ ላይ ስለ ነበረች የሁለቱም ወገን ልጆች በብርዱ ውኃ ውስጥ ዘለው ገቡ፤ የኖርማኑ ልጅ ቀድሞ ይዟት ወጣና ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ 75 ለ 0 ሆነ። እንዲህ ባለ ሽንፈት የጀመረ ወዳጅነት ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል ብሎ የሚገምት ማን ነበር? የስቲልወተሮቹም ዕድል ከዚያ በኋላ ብዙ አልተሻሻለም፤ ከ118ቱ ግጥሚያዎች ያሸነፉት 20 ብቻ ሲሆን፣ በ91 ተሸንፈው በ7 ተለያይተዋል። እንዲህም ሆኖ ጨዋታው በመጣ ቁጥር ስታዲዮሙ ይሞላ ነበር። በግብርና ኮሌጅ የተማረ አባት፣ በኖርማን ሕግ የተማረ ልጅ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ ሲተራረቡ ይከርማሉ። አንድ ጊዜ ታናሹ ያሸነፈ እንደ ሆነ ግን ያ ትረባ ለአሥር ዓመት ይበቃል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ መንትዮቹ በማኅበር ሲለያዩ ይህ የመጀመሪያቸው አለመሆኑን ነው። በ1928 የነበሩበት ማኅበር ሲከፈል ኖርማን ከትልልቆቹ ጋር ሄደ፤ ስቲልወተር ከትንንሾቹ ጋር ቀረ። እንደገና በአንድ ማኅበር የተቀበሉት በ1957 ነው። በነዚያ 30 ዓመታት ያህል ግን በየዓመቱ መገናኘታቸውን አላቋረጡም። ጽዋቸው ሌላ፣ ጉርብትናቸው ሌላ ነበረ። እንግዲህ በ1928 ያልቆመ ጨዋታ በ2023 የቆመው በመካከል ምን ገብቶ ነው?

የገባው ነገር የጀመረው ከራሱ ከኖርማን ነው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኮሌጅ እግር ኳስ በቴሌቪዥን የሚታየው አገር አቀፉ ድርጅት በፈቀደው መጠን ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየ እንደ ሆነ ሜዳው ባዶ ይቀራል ብለው ፈርተው ነው። ትልቁም ትንሹም ትምህርት ቤት ተራውን ይጠብቃል፤ በመጨረሻው ደንብ መሠረት አንድ ቡድን በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ጊዜ በላይ በቴሌቪዥን ሊታይ አይችልም ነበር። ይህ ለትልልቆቹ አልተዋጠላቸውም። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ድርጅቱን ከሰሰ፤ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በጁን 1984 ፍርድ ቤቱ በ7 ድምፅ በ2 ተቃውሞ ለከሳሾቹ ፈረደ። ድርጅቱ የገበያ ነጻነትን አግዷል ተባለ። ካልተስማሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት ነበሩ፤ እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ለኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እየተጫወቱ በአገር የታወቁ የእግር ኳስ ጀግና የነበሩ ናቸው። የኮሌጅ ስፖርት እንደ ማናቸውም ንግድ ብቻ ሊታይ አይገባውም የሚል ነበር የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር። ከዘጠኙ ዳኞች መካከል ያንን ኳስ በብብቱ ይዞ የሮጠ ሰው እንዲህ ማለቱ ለእኔ ቀላል ነገር ሆኖ አልታየኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ማኅበር ጨዋታውን ለራሱ መሸጥ ጀመረ። ሻጭ ሲኮን ደግሞ ገበያው የሚፈልገው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ይታሰባል። የቴሌቪዥን ኩባንያ የሚፈልገው የጉርብትና ትዝታን አይደለም፤ ቴሌቪዥን ያለበትን ቤት ብዛት ነው። ይህን በግልጽ ለማየት ሜሪላንድን እንመልከት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከሲልቨር ስፕሪንግና ከዋሽንግተን አጠገብ ነው። በ1953 የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር ሲቋቋም መሥራች አባል ነበረ፤ ከዱክና ከሰሜን ካሮላይና ጋር ያደርግ የነበረው የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ተማሪውን እንቅልፍ የሚነሣ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ዕዳ ገባና በ2012 ሰባት የስፖርት ቡድኖቹን ዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ታላላቆቹ አሥር እንደሚሄድ አስታወቀ፤ ለቀድሞ ማኅበሩም ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ መውጫ ከፍሎ በ2014 ሄደ። ታላላቆቹ አሥር ይህን ያህል የፈለጉት ቡድኑ ኃያል ስለ ሆነ አይደለም። ማኅበሩ ከ2007 ጀምሮ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለው፤ በኬብል የሚገለገል ቤት ሁሉ፣ ጨዋታውን ቢያይም ባያይም፣ በወር ሒሳቡ ውስጥ ለጣቢያው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፤ አባል ትምህርት ቤት ባለበት ግዛት ደግሞ ክፍያው ከፍ ይላል። ስለዚህ እንቁላል መሳዩን ኳስ በዓይኗ አይታ የማታውቅ የሲልቨር ስፕሪንግ ኢትዮጵያዊት እናት፣ የአገሯን ዜና ለማየት ኬብል ብታስገባ፣ ሳታውቀው የታላላቆቹ አሥር ማኅበርተኛ ሆና መዋጮ ትከፍል ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ታላላቆቹ አሥር ዛሬ 18 ናቸው። ታላላቆቹ አሥራ ሁለት የሚባሉት ደግሞ 16 ናቸው። የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር ሁለት አባሎች ያሉት በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ነው። እነዚህ ሁሉ የሒሳብና የጂኦግራፊ ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

ከ2010 ወዲያ ስደቱ በረከተ። ነብራስካ፣ ኮሎራዶ፣ ሚዙሪ፣ አንድ በአንድ የቆየ ማኅበራቸውን ለቀው ሄዱ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚባለው ጎረቤቱ ከ1894 ጀምሮ ሲጋጠሙ ኖረው፣ በኖቬምበር 2011 በምስጋና በዓል ማታ የመጨረሻ ነው የተባለውን ተጫወቱ፤ ቴክሳስ በመጨረሻዋ ሰከንድ በተመታች ኳስ 27 ለ 25 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ያህል አልተያዩም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትምህርታቸውን ጀምረው የጨረሱ ተማሪዎች አባቶቻቸው የሚያወሩላቸውን ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ ወጡ። በ2024 የተገናኙት ቴክሳስም በተራው ጎረቤቱ ወደ ሄደበት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ማኅበር ስለ ገባ ነው። የለያያቸው ገንዘብ መልሶ አገናኛቸው፤ ምሥጋናውን ለማን እንደምንሰጥ አላውቅም።

ነገር ግን ቴክሳስ ብቻውን አልሄደም። በጁላይ 2021 ኖርማንም አብሮ እንደሚሄድ ታወቀ። ሁለቱ ከውላቸው አንድ ዓመት ቀድመው ለመውጣት 100 ሚሊዮን ዶላር ሊያስከፍላቸው ተስማሙ፤ በጁላይ 2024ም ሄዱ። ስቲልወተር ቀረ። ከዚያ በፊት በነበረው የመጨረሻ ግጥሚያ ታናሹ በገዛ ሜዳው 27 ለ 24 አሸነፈ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ የጎሉን ምሰሶ ነቅሎ ጣለው። ደስታም ነበረ፤ እልህም ነበረበት። ቆይተው በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም አልቀናቸውም፤ ኖርማን በአዲሱ ማኅበር 6 አሸንፎ በ7 ተሸነፈ፤ ስቲልወተር ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ሆነ። በ2025ም ከ2005 ጀምሮ ዋና አሠልጣኝ የነበሩትን ማይክ ገንዲን አሰናበተ።

እንግዲህ በ1928 እንዳደረጉት ለምን ከማኅበር ውጭ አይጋጠሙም? የሚሰጠው መልስ ቀን የለንም የሚል ነው። የዓመቱ ጨዋታ 12 ነው፤ ከእነዚህ ዘጠኙን የስቲልወተር ማኅበር ይወስዳቸዋል፤ ከ2026 ጀምሮም የኖርማን ማኅበር ዘጠኝ እንዲሆን ወስኗል። የሚቀሩት ሦስቱ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በውል የተያዙ ናቸው። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሙሉ መልስ አይመስለኝም። ፍሎሪዳና ፍሎሪዳ ስቴት፣ ጆርጂያና ጆርጂያ ቴክ በተለያየ ማኅበር ውስጥ ሆነው እየተጋጠሙ ኖረዋል። ስቲልወተሮቹ በልባቸው የያዙት ሌላ ነው፤ ጥሎን የሄደ ሰው ለምን በበዓል ቀን ብቻ ይጎበኘናል የሚል። የሰው ስሜት ነውና አልፈርድባቸውም፤ ቢሆንም ዋጋውን የሚከፍለው የስቲልወተር ባለሆቴልና በአንድ ቤት ሁለት ቀለም የሚለብሰው ቤተ ሰብ ነው።

ከዚህ የባሰው በምዕራብ በኩል ያለው ነው። በ1915 ፖርትላንድ ከተማ ላይ የተመሠረተው የፓስፊክ ማኅበር በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትል፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ አስተሳስሮ ኖረ። በጁን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ታላላቆቹ አሥር እንደሚሄዱ ተናገሩ። ታላላቆቹ አሥር ከሁለት ወር በኋላ ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ የቴሌቪዥን ውል ተፈራረሙ። የቀሩት የፓስፊክ አባሎች ከአፕል ኩባንያ ከቀረበላቸው ውል ጋር ሲያመነቱ ቆዩና፣ በኦገስት 4 ቀን 2023 አንድ ቀን ሳይመሽ አምስቱ ሄዱ። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ደግሞ በሚቀጥለው ወር በአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር ተጠጉ። በስተመጨረሻ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት። ዋሽንግተን ስቴት ያለበት ፑልማን በስንዴ ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠ ትንሽ ከተማ ነው፤ ለቴሌቪዥን ነጋዴ የሚቆጠር ቤት የለውም። ሁለቱ በፍርድ ቤት ተሟግተው የማኅበሩን ስምና ንብረት አስቀርተዋል፤ ኋላም አዳዲስ አባሎች ከ2026 ጀምሮ እንዲገቡ ተስማምተዋል።

ኦክላሆማ ስቴት፣ ኦሪገን ስቴት፣ ዋሽንግተን ስቴት፤ ሦስቱም በ1862 አብርሃም ሊንከን በፈረሙት ሕግ መሠረት የገበሬውን ልጅ እርሻና የእጅ ሥራ እንዲያስተምሩ መሬት ከተሰጣቸው ወገን ናቸው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምና ነብራስካም ከዚያው ወገን ሆነው ቀድመው ስለ ሄዱ ነገሩ ደንብ ነው አልልም። ነገር ግን ለገበሬ ብሎ ከትልቅ ከተማ ርቆ የተተከለ ትምህርት ቤት፣ በሰው ቁጥር በሚመዘን ገበያ ውስጥ ከመነሻው የቀለለ ሚዛን ይዞ እንደሚገባ ግልጽ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚጓዙት ልጆች ነገር ነው። ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በኒው ጀርሲ ወዳለው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ መድረስ ከ3,900 ኪሎ ሜትር የማያንስ በረራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ እንደ መሄድ ያህል ማለት ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባል የለ? የእግር ኳሱ ቡድን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቅዳሜ ስለሚጫወት ይችለው ይሆናል። የመረብ ኳስ ተጫዋቿ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በሥራ ቀን ጭምር ትጫወታለች። ማክሰኞ ከክፍል ወጥታ፣ በሦስት ሰዓት የሚለያይ ሰዓት ተሻግራ፣ ሌሊት ተመልሳ፣ ጧት የኬሚስትሪ ፈተና ላይ ትቀመጣለች። የእኔ ተማሪ ከመርካቶ በታክሲ መጥቶ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፋ የምታዘበው ሰው፣ ያችን ልጅ ባስተምር ምን እንደምላት አላውቅም። እግር ኳሱ ብቻውን እንዲሄድና ሌላው ስፖርት ከጎረቤት ጋር እንዲቀር ሐሳብ ያቀረቡ አሠልጣኞች ነበሩ፤ እስካሁን ግን ሰሚ አላገኙም።

የሄዱትን ሰዎች ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቱ የሚለው እንዲህ ነው። የዋናተኛውን፣ የትግለኛውን፣ የሴቶቹን ቡድኖች ወጪ የሚሸፍነው የእግር ኳሱ ገቢ ነው፤ ይህ ገቢ ጎረቤቴ ካለው በግማሽ ቢያንስ አሠልጣኜም ተጫዋቼም ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ ቀድሜ ካልሄድኩ የምቀረው እኔ ነኝ። የፑልማንን ዕጣ ያየ ሰው ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው ሊል አይችልም። ደግሞም በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቹ ሊከፍል ተፈቅዶለታል። ለቴሌቪዥኑ ኩባንያ፣ ለአሠልጣኙና ለማኅበሩ ገንዘቡን የሚያስገኘው ወጣት ከድካሙ አንዳች ማግኘቱን እኔ እደግፋለሁ። ግን የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይምጣ ሲባል መልሱ ተመልሶ ቴሌቪዥን ነው።

የቀረ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ዳላስ ያለው የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስረዳል። በ1996 የድሮ ማኅበሩ ሲፈርስ ትልልቆቹ ትተውት ሄዱ። 28 ዓመት ያህል በዳር ከቆየ በኋላ፣ በ2024 የአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር እንዲቀበለው ሲል ለዘጠኝ ዓመት ከማኅበሩ የቴሌቪዥን ገቢ ድርሻ ላለመውሰድ ተስማማ። ሀብታሞች የቀድሞ ተማሪዎቹ ጉድለቱን እንሞላለን ብለው ነው። ሀብታም ተማሪ ያላፈራው ትምህርት ቤት ይህ በር አልተከፈተለትም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሁለቱ የአንድ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ተለያዩ፣ የሎስ አንጀለሱ ለበርክሌው ወንድሙ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የበላይ ቦርዳቸው በ2024 ወስኗል። የአሜሪካ ጋዜጠኞች ይህን ለተፈታች ሚስት እንደሚሰጥ ቀለብ ቆጥረው ቀለዱበት።

ተማሪዎቼ የእንግሊዝን ክለቦች ጉዳይ ከትምህርታቸው በላይ ስለሚያውቁ፣ ይህን ስነግራቸው አንዱ ወዲያው የ2021ን የአውሮፓ ሱፐር ሊግ አነሣብኝ። በዚያ ዓመት በኤፕሪል 12 ሀብታም ክለቦች የብቻቸውን ውድድር ሊያቋቁሙ ቢነሡ፣ ደጋፊው አደባባይ ወጥቶ ጮኸ፤ ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ተመለሱ። የአሜሪካ ደጋፊስ ለምን ዝም አለ? ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በእንግሊዝ ሁሉም በአንድ ቀን ሊሄዱ ስለ ተነሡ ቁጣውም በአንድ ቀን ተነሣ። በአሜሪካ ግን አንዱ በ2011፣ አንዱ በ2014፣ ሌላው በ2024 ሄደ፤ በየጊዜው የሚያዝነው አንድ ከተማ ብቻ ነበር፤ የሌላው ከተማ ሰው አዲስ እንግዳ በማግኘቱ ደስ ብሎት ትኬት ይቆርጥ ነበር። የኖርማን ደጋፊም በ2024 አላባማን የሚያህል ቡድን በገዛ ሜዳው 24 ለ 3 ሲያሸንፍ ስቲልወተርን ያስታወሰ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አንዴ ከቆመ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲና አዮዋ ስቴት በ1934 ከተጋጠሙ በኋላ አቋረጡ፤ እንደገና የተገናኙት በ1977 ነው። የመጀመሪያውን በ20 ዓመቱ ያየ ሰው ቀጥሎ ያለውን ሲያይ 63 ዓመቱ ነበር። ከኖርማን እስከ ስቲልወተር በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው።